ባሪቶኑ ማን ነው?

ለተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን።

ባለፈው እሑድ ፕሮግራሙ እንዳለቀ አራት ሆናችሁ መጥታችሁ «ፓስተር፣ ኳርቴት ልናቋቁም ነውና ያሠልጥኑን» አላችሁኝ። ኳርቴት አንዱን መዝሙር በአራት የተለያየ ድምፅ የሚዘምር ቡድን ነው። ደስታዬን ፊቴ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። «ሊዱን፣ ዋናውን ዜማ፣ ማን ይይዛል?» ብዬ ስጠይቅ አራታችሁም እጃችሁን አወጣችሁ። «ባሪቶኑንስ?» ስል ግን እርስ በርስ ተያያችሁ። አንዳችሁ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ሲነካካ አየሁት፤ ባሪቶን ምን እንደሆነ እየፈለገ መሆን አለበት። አልተቀየምሁም። የዛሬ ስድሳ ዓመት እኔም እዚያው ነበርሁ። ከቅዳሜው ልምምድ በፊት እንድታነቡት ይህችን ጻፍሁላችሁ፤ ማይክ የሚወድ ሌላ ወጣት እጅ ብትገባም አይከፋኝም።

የተወለድሁት በ1943 ዓ.ም. ናዝሬት ነው፤ እናንተ አዳማ የምትሏት። አባቴ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ሥራ ሲጀምር ከተቀጠሩት አንዱ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ ልብሱ የተቃጠለ አገዳ ይሸት ነበር፤ ዛሬም ስኳር ሲያር ከሸተተኝ አባቴ በር የከፈተ ይመስለኛል። ቤታችን የኦርቶዶክስ ቤት ነው። አያቴ የማርያምን ንግሥ የማታሳልፍ ሴት ስለነበረች እኔም የነጠላዋን ጫፍ ይዤ እከተላት ነበር። መቋሚያው፣ ጽናጽሉ፣ ደረት የሚመታው ከበሮ አሁንም በጆሮዬ አለ። እዚያ ሠላሳ ሰው ቢቆም ዜማው አንድ ነው። መዘመር ማለት እንደዚያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በከተማችን ከአሜሪካ የመጡ ፕሮቴስታንቶች፣ የሜኖናይቶች፣ ሚሲዮን ነበር። ዛሬ አዳማ ሆስፒታል የሚባለውን፣ ያኔ ኃይለ ማርያም ማሞ ይባል የነበረውን ሆስፒታል ያስተዳድሩ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ ድሬሰሮችም፣ ረዳት የጤና ሠራተኞች ማለት ነው፣ ያሠለጥኑ ነበር። እነዚህ ሜኖናይቶች በዚያ ዘመን ለአምልኮ የሙዚቃ መሣሪያ አያስገቡም። ኦርጋን የለ፣ ጊታር የለ፤ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ገልጠው በአራት ድምፅ ይዘምራሉ፤ በቃ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አያቴን ወባ ጣላትና እዚያው ሆስፒታል ተኛች። ምሳ አድርሼ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አራት ወንዶች መጡ፤ ሁለቱ ፈረንጆች፣ ሁለቱ የእኛው ድሬሰሮች፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደ ለበሱ። ለሕመምተኞች ሊዘምሩ ነው። አንዱ ዜማውን ጀመረ። ሌላው ከላዩ ሄደ፤ ሌላው ከመሃል ገባ፤ አራተኛው፣ ቀጭኑ ድሬሰር፣ ከዚያ ሰውነት ይወጣል ብላችሁ የማትገምቱትን ቤዝ አወጣ። የተቀመጥሁበት ጣውላ ሲንዘር በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ሲጨርሱ ወደ አያቴ ሮጥሁ። በመስኮት ሰምታቸዋለች። «እነዚህ ሰዎች ምን ተጣልተው ነው?» አለችኝ። «እያንዳንዱ የየራሱን ይላል እኮ!»

አያቴ ከዚያ ወዲህ የሰማኋቸው የሙዚቃ አስተማሪዎች ሁሉ ያላሉትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናግራዋለች። እያንዳንዱ የየራሱን ይላል። አለመጣላታቸው ነው ጉዱ።

በኋላ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገባሁ። አንድ አሜሪካዊ መምህራችን ሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰብስቦ የጎልደን ጌት ኳርቴትን ሸክላ አሰማን። ጥቁሮች መሆናቸውን ሲነግረን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ «አሜሪካዊ» ሲባል በአእምሯችን ያለው ሥዕል ያ አልነበረምና። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1934 በቨርጂኒያዋ ኖርፎክ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ነው የጀመሩት። በ1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሦስተኛ ጊዜ ሥልጣን ሲይዙ በዋሽንግተን ኮንስቲቲዩሽን አዳራሽ ዘመሩ፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ታላቋ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት የተከለከለችበት አዳራሽ ነው። ይህን ታሪክ ግን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የማረከን ሌላ ነገር ነበር፤ ሰዎቹ በአፋቸው ባቡር ይሠራሉ! ጎማው፣ ፉጨቱ፣ እንፋሎቱ፣ ሁሉም በአፍ። የናዝሬት ልጅ ባቡር ያውቃል፤ የጅቡቲው ሐዲድ በከተማችን ያልፋል። ለአንድ ወር ያህል ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን እንደ ባቡር እየጮህን ሄድን።

በ1958 ዓ.ም. ያው መምህር አራት ልጆች መርጦ ኳርቴት አቋቋመ፤ እኔም ገባሁ። ድምፄ ከተሰበረ ዓመት ሆኖታል። ሊድ እንደምሆን አልተጠራጠርሁም፤ በሠፈሩ ሰርግ «ይሄ ልጅ ድምፅ አለው» እየተባለ ያደገ ሰው እንዴት ይጠራጠራል? መምህሩ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ በየተራ አዘመረንና «አንተ ባሪቶን» አለኝ።

ባሪቶን ምን እንደሆነ በስልኩ ላላገኘው ልንገረው። የወንዶች ኳርቴት አራት ድምፅ አለው። ሊድ ዜማውን ይይዛል። ቴነር ከሊዱ በላይ ይሄዳል። ቤዝ መሠረቱ ነው፤ ሁሉም በእሱ ላይ ይቆማል፤ ሕዝብም ይወደዋል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጨበጨብለታል። ባሪቶን የቀረውን ይወስዳል። ሦስቱ ያልነኩትን፣ ድምፁ ሙሉ እንዲሆን የጎደለውን አንድ ኖታ እየፈለገ ይሞላል። ስለዚህ መስመሩ ብቻውን ሲዘመር ዜማ አይመስልም። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይቆያል፤ ድንገት ይዘላል፤ ተመልሶ ይወርዳል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስላል። ባሪቶን እያንጎራጎረች ልጇን የምታስተኛ እናት የለችም።

ጠላሁት። ልምምድ ላይ እየቀለድሁ፣ ግማሹን እያጉረመረምሁ ሁለት ዓመት አሳለፍሁ። በ1960 የገና ሰሞን በአንዲት ከተማ ጉባኤ ላይ ስንዘምር የመጨረሻው አዝማች ደረሰ፤ ሕዝቡ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔን አንድ ነገር ገፋኝና ዜማውን ከሊዱ ቀምቼ በሙሉ ድምፄ ለቀቅሁት። ሊዱ ደንግጦ አቆመ። ቴነሩ ተከትሎኝ ወጣ፣ አልቻለም፣ ተሰነጠቀ። ቤዙ ብቻውን ታች ቀረ። ሕዝቡ ደግ ነውና «አሜን» አለ፤ የአሜኑ ዓይነት ግን ይታወቃል።

መምህሩ አልገሠጸኝም። ወደ ማደሪያችን ስንሄድ በጨለማው መንገድ ላይ «የአንተን ክፍል ብቻህን ዘምርልኝ» አለ። ጀመርሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርሁ፤ እዚያው ላይ ጠፋኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የናቅሁትን ነገር አላጠናሁትም ነበር። ይንቃል እንጂ አያውቀውም የሚባል ሰው እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱን ለወጠው። አንዱን በየተራ ዝም ያሰኝና ሦስቱን ያዘምራል፤ ዝም ያለው ሰው የራሱ ድምፅ በጎደለበት ቦታ መዝሙሩ ምን እንደሚመስል ቆሞ ይሰማል። ሊዱ ዝም ሲል መዝሙሩ ፊቱ የማይታይ ሰው ይሆናል። ቤዙ ዝም ሲል ይንሳፈፋል። እኔ ዝም ስል ዜማውም ቃሉም አለ፤ ግን የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፤ ብርድ የሚያስገባ በር እንዳለበት ቤት።

ይህ ልምምድ ለምን እንደሚጠቅም ያወቅሁት በክፉ ቀን ነው። በጥር 1974 ደርግ ከሜኖናይቶቹ ሚሲዮን የተወለደችውን ቤተ ክርስቲያናችንን፣ መሠረተ ክርስቶስን፣ ዘጋ፤ መሪዎቹንም አሠረ። ሲዘጋ አባላቱ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ከየቤቱ ወጡ። እንዴት እንደበዙ ለመናገር ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። የእኔ ነገር መዝሙሩ ነው። በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ረከቦትና ሲኒ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ድንገት ቢገባ ቡና እየጠጣን ነው። መስኮቱ ላይ ጋቢ ይንጠለጠላል። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። ክረምት ሲመጣ ግን ደስ ይለናል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፃችንን እንለቃለን፤ ሲያባራ ዝቅ እናደርጋለን። ዝናብን እንደ አስተናባሪ የተከተለ ኳርቴት ከእኛ ሌላ መኖሩን እንጃ።

በሹክሹክታ በአራት ድምፅ ስትዘምሩ መመካት አይቻልም። ጎረቤትህን ካልሰማህ ትጠፋለህ፤ ጎረቤትህን ለመስማት ደግሞ ከእሱ በታች መሆን አለብህ። አራታችንም ከሌላው በታች ለመሆን ስንሞክር የወጣው ድምፅ፣ ልጆቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም።

ከዚያ ሊዳችን ታሠረ። ሦስት ቀረን። አንድ ማታ በአንዲት እናት ቤት ተሰብስበን «ዛሬ ይቅርብን» ስንባባል እሳቸው ቡና እየቆሉ «ኧረ ዘምሩ እንጂ!» አሉ። ዜማ በሌለው መዝሙር ጀመርን፤ ቴነር፣ ባሪቶን፣ ቤዝ፣ መሃሉ ባዶ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ከምጣዱ አጠገብ አንድ ቀጭን፣ ትንሽ የሳተ ድምፅ ተነሣ። ሴትየዋ ምጣዱን እያወዛወዙ፣ ወደ እኛ ሳያዩ፣ የታሠረውን ልጅ ዜማ ይዘውታል። ከዚያ ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም።

ብዙ ዓመት አሰብሁበት። ሊድ ቢታሠር ዜማውን የሚያነሣ አይጠፋም፤ በሁሉም ልብ ውስጥ አለና። እኔ በታይፎይድ ሦስት ሳምንት በተኛሁ ጊዜ ግን ባሪቶኑን ያነሣ አልነበረም። እንደ ነገሩኝ መዝሙሩ ሲያልቅ አንዱ «ዛሬ ምን ነካው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠውም የለም። እናንተ «ማንም የማይሰማውን ለምን እይዛለሁ?» ትላላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ የተገላቢጦሹን ነው፤ አንተ ብትቀር ማን ያነሣዋል?

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለትምህርት ወደ ቨርጂኒያ መጣሁ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ጓደኛዬን ለምኜ ኖርፎክ አስወሰድሁት፤ የሸክላዎቹ ልጆች ከተማ። ጎልደን ጌቶች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ፓሪስ ሄደው ኑሯቸውን እዚያ ካደረጉ ቆይተዋል፤ ግን አንዲት የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአንድ ኳርቴት የምሥረታ በዓል ገጠመን። ነጭ የለበሱ እናቶች በር ላይ የቀብር አስፈጻሚ ማስታወቂያ የታተመበት ማራገቢያ ያድላሉ። ሰዎቹ አንድ ዓይነት ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰው ወጡ። ቆጠርኋቸው፤ አምስት ናቸው።

ከፕሮግራሙ በኋላ የመርከብ ፋብሪካ ጡረተኛ የሆኑትን ቤዙን አገኘኋቸውና «አባቴ፣ አምስት ሆናችሁ እንዴት ኳርቴት ተባላችሁ?» አልኋቸው። «የምንቆጥረው ድምፅ ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። ነገሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 በቴክሳስ የተቋቋሙት ሶል ስተረርስ፣ አር. ኤች. ሃሪስ ሊድ በነበረበት ዘመን ሁለተኛ ሊድ ጨመሩ። አንዱ ሊድ ከዜማው ወጥቶ እንደ ልቡ ሲሄድ ከኋላው አራቱ ድምፅ ሳይጎድል ይቆያል። ነጻነቱን ያገኘው ከኋላው የቆሙት ስላልተነቃነቁ ነው።

ያን ዕለት ስለ እነዚህ ሰዎች የማላውቀው ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ። ክሎድ ጂተር፣ ያ የላይኛው ድምፁ እንደ ሐር የሚሳብ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ በኋላ ስዋን ሲልቨርቶንስ የተባለውን ኳርቴት ሲጀምር፣ በዌስት ቨርጂኒያ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በአላባማዎቹ በርሚንግሃምና ቤሰመር ኳርቴቶቹ የብረት ፋብሪካና የማዕድን ሠራተኞች ነበሩ፤ ድምፅ የሚያሠለጥኗቸውም ራሳቸው ሠራተኞች ናቸው። ከሥራ በኋላ በየቤቱ እየዞሩ አራት ሰው ያስቆማሉ፤ እያንዳንዱን ክፍሉን ያስይዛሉ። አባቴን አሰብሁት። የወንጂ አገዳ ቆራጮችም ይዘፍኑ ነበር፤ አስቁሞ ክፍል ያስያዛቸው ግን አልነበረም።

ይህን ስል አራት ድምፅ በመርከብ የመጣ የፈረንጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔም ሞኝ ሆኜ እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ መስቀል ሰሞን ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች ሲዘፍኑ ቆሜ ሰማሁ። አንዱ ያነሣል፤ ሌላው በመሃል ይገባል፤ ሌላው ከሥር ይጎትታል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይላል። ከጨንቻ ተራራ አያት ቅድመ አያታቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው። እኔ ናዝሬት በረንዳ ላይ አዲስ ነገር አገኘሁ ስል ወገኖቼ ድሮ ይዘውት ኖረዋል። አፈርሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እንደ ምክር ቁጠሩት፤ እንደ ሽማግሌ ልፍለፋ ብትቆጥሩትም ግድ የለም።

ለሦስት ወር ማይክ አልሰጣችሁም። ክብ ሠርታችሁ፣ ፊት ለፊት ተያይታችሁ ትዘምራላችሁ። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ እያንዳንዱ ዘማሪ የራሱን ድምፅ ብቻ በጆሮው እየሰማ ነው የሚዘምረው፤ ሳውንዱን የያዘው ልጅ ደግሞ «እኔን ከፍ አድርገኝ» የሚል ምልክት ከአራት አቅጣጫ ይመጣበታል። የልጁን ፊት አይቼ አዝናለሁ።

አማርኛችሁንም ተጠንቀቁ። አሜሪካ ተወልዳችሁ ስለሆነ አልፈርድባችሁም፤ ግን «ገና» ጠብቆ ከተዘመረ የልደት በዓል ነው፤ ከላላ «ቆዩ፣ ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ሦስታችሁ አላልታችሁ አንዳችሁ ካጠበቀ ሕዝቡ በሚያዝያ የገና መዝሙር የሰማ ይመስለዋል። ተርጓሚዎች በፈረንጅ ዜማ ላይ የጫኗቸው መዝሙሮች ላይ ይህ ጣጣ ብዙ ነው። ዜማውን አጠፍ አድርጉት፤ ቃሉን አትስበሩት። አፋችሁንም እኩል ክፈቱ፤ አንዱ «ጌታ» ሲል ጥርሱ ከታየ፣ ሌላው ጉሮሮው ከታየ፣ ኖታው አንድ ቢሆንም ድምፁ አይገጥምም። ትንፋሽም ሁላችሁ አንድ ቦታ ላይ አትውሰዱ፤ አንዱ ሲተነፍስ ሦስቱ ይሸከሙታል።

የምትወዱትን ዘማሪ ድምፅ መኮረጅም ይቅርባችሁ። ሳም ኩክ እ.ኤ.አ. በ1950 በሃሪስ ቦታ ሶል ስተረርስን ሲቀላቀል ገና 19 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ እንደ ታላላቆቹ ሊጮህ ሞክሮ ድምፁ አልችል ብሎት ነበር ይባላል። በኋላ መጮኹን ትቶ ድምፁን እያዞረ፣ እያንሳፈፈ መሄድ ጀመረ፤ ዓለም ያወቀው ያን ነው። ሰባት ዓመት ያህል ሲቸገርም ሲያምርበትም ከኋላው ድምፅ የያዙለት ሰዎች ስማቸውን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከባድ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። ነጮቹም የራሳቸው ኳርቴቶች ነበሯቸው፤ መድረኩ በዘር የተከፈለ ቢሆንም አራቱ ድምፅ ያው ነው። ብላክውድ ብራዘርስ የሚባሉት እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1954 አላባማ ክላንተን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሁለት አባላቸውን አጡ፤ አንዱ ባሪቶናቸው፣ ሌላው የቤዝ ዘማሪያቸው። የቀሩት ሌላ ሰው ተክተው ዘመሩ። አዲሶቹ የሟቾቹን ክፍል ይዘው መጀመሪያ የቆሙበትን ምሽት ሳስብ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ያ ክፍል የተጠና፣ የሚታወቅ፣ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ነገር ስለነበር ነው የተቻለው።

ከእኛ አራቱ ሁለት ቀርተናል። ቤዙ ናዝሬት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እናወራለን። አብረን ልንዘምር ሞከርን፤ ድምፁ ስለሚዘገይ አይሆንም፤ እሱ ሲጨርስ እኔ መሃል ላይ ነኝ። ስለዚህ እሱ የራሱን ክፍል ቀድቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔ እሱን እያጫወትሁ የራሴን እዘምርበታለሁ። ባለቤቴ ከማድ ቤት «ዜማው የታለ?» ትለኛለች። «አንቺ ጋ ነው» እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ታነሣዋለች፤ አንዳንድ ቀን «ሥራ አለብኝ» ትላለች።

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እቤት ኑ። ዳቦና ሻይ አለ። ኪቦርድ እንዳታመጡ። እሑድ ዕለት ስታወሩ ድምፃችሁን ሰምቼ ባሪቶኑ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ እሱ ግን ገና አላወቀም። ላልቶ ነው የሚነበበው።